አለበል ያልመታው ድራም

አለበል ደብረ ማርቆስ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የ«ውርጭ» ባንድ ድራም መቺ ነበር፤ «ነበር» ማለት ከጀመርን ገና አራት ወሩ ነው። ሮክ ነው የምንጫወተው ይላሉ፤ ሰርግ ሲጠሩ ግን ሮኩም ወደ እስክስታ ያዘነብላል። አለበል አሥራ አንድ ዓመት የመታው የጨፋሪ ትከሻ እያየ ነው። ጉንደ ወይን ከተማ አንድ ሰርግ ላይ አይቼዋለሁ፤ ትከሻው ሲግል ይግላል፣ ሲረግብ ይረግባል። ሁለቱ አልበሞቻቸውም አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው እየጨፈረ የተቀረጹ ናቸው።

ኋላ ጊታር ተጫዋቹ ጌቾና ዘፋኟ ትንቢት ተጣሉ። ምክንያቱን ሁለቱም በየተራ ነግረውኛል፤ የአንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ብቻ አንድ የመጨረሻ አልበም ሠርተን እንለያይ ተባለ። አለበልም «እጄ የሌለበት እንዳይወጣ» ብሎ አስማላቸው። ሁለቱ እንዳይገናኙ ጌቾ ሰኞ፣ ትንቢት ረቡዕ ስቱዲዮ እየገቡ፣ በጆሮ ማዳመጫ ጠቅ ጠቅ የሚል የምት ቆጣሪ እየሰሙ ቀረጹ። ለአለበል ቅዳሜ ደረሰው። ድምፅ እንዳያስተጋባ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ግድግዳ ፊት ተቀመጠ።

«አሁንም ቀደምከው» አለው ይታያል የሚባለው የስቱዲዮው ባለቤት።

«ማንን?»

«ቆጣሪውን ነዋ!»

«ታዲያ እሱ አይከተለኝም?»

«ማሽን እኮ ነው፣ አለበሌ።»

«እኔስ ማንን አይቼ ልምታ? ካርቶኑን?»

ሦስት ቅዳሜ ሞከረ፤ አንድም ዘፈን አልሆነለትም። ግማሽ ቀን ብቻ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ቆጣሪ እንጫወት ብሎ ለመናቸው።

«እሷ ካለች የለሁም» አለ ጌቾ።

«ወንድምዓለም፣ ላንተ ስል እሳት እገባለሁ፤ የዚያን ሰውዬ ዓይን ግን አላይም» አለች ትንቢት።

«አትዪው! መሀላችሁ መጋረጃ ልስቀል። ካነሰም የብረት በር በይጄ አቆማለሁ!»

ሳቀች። አልመጣችም ግን።

ይታያል ሰልችቶት ድራሙን በኮምፒውተር ሞላው። አለበል ሽፋኑ ላይ «ድራም፦ አለበል» የሚል ሲያይ ለጌቾ ደወለ።

«ስሜን አጥፉት።»

«ክብር ሰጠንህ እኮ!»

«እጄን አውጥታችሁ ስሜን ታስገባላችሁ? ያልመታሁትን መታ አትበሉኝ!»

አምስት ቀን ተጨቃጭቆ ስሙን አስጠፋ። አልበሙ ወጣ፤ ባንዱም በዚያው ተበተነ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አሰገደች በር ሊያሠሩ መጡ።

«አንተ፣ አልበማችሁን ልጄ አሰማችኝ! ድራሙ እንዴት ያለ ነው! ስምህን መርሳታቸው ግን ነውር ነው።»

«እኔ አይደለሁም የመታሁት እትዬ፤ ኮምፒውተር ነው።»

«ወይ ትሕትና!» ብለው ትከሻውን ቸብ አደረጉት። «ለልጄ ሰርግ ልክ እንደዚያው አድርገህ ትመታልኛለህ፤ ሳትቸኩል፣ ሳትዘገይ።»

አለበል የብየዳ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደና፣

«የበሩ ቁመት ስንት ነበር ያሉኝ?» አላቸው።