የአርቬላ ድምፅ

አርቬላ ኒማየር የደገፈችው እጩ አይበረክትም። በአዮዋ፣ በዚያች ትንሽ ከተማ፣ በስድስት የፕሬዚዳንት ምርጫ ስድስት ሰው ደግፋ አንዳቸውም መጋቢትን ሳያዩ ከውድድር ወጥተዋል። ዘንድሮም የሰፈሩ ሰው የፓርቲውን እጩ ለመምረጥ በጥር በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ተሰብስቦ፣ እንደሚደግፈው እጩ ተቧድኖ ቆመ። ከተሰበሰበው ስድሳ ሰው ዘጠኝ ያልሞላለት እጩ ተወካይ ስለማይኖረው የአርቬላ ቡድን በአራት ሰው ፈረሰ፤ ቡድኑ የፈረሰበት ሰው ደግሞ ወደ ሌላ ቡድን መሄድ ይችላል። የሌላው እጩ፣ የሴናተሩ፣ ደጋፊዎች ደግሞ ስምንት ላይ ቀርተዋል። አርቬላ ሴናተሩን ዐይኑን ማየት አትወድም።

የሴናተሩ ቡድን አለቃ፣ ጎረቤቷ ዶይል፣ አንድ ሳህን ብስኩት ይዞ መጣ።

«አርቬላዬ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለን። እባክሽ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አታስጠጋት!» ብላ ሚስቱ ከወዲያ ጮኸች። «ሴናተሩን ልታስቀብረው ነው?»

አርቬላ ሁለት ብስኩት አነሳችና ሄዳ አጠገባቸው ቆመች።

ዘጠኝ ሞሉ፤ አንድ ተወካይም ደረሳቸው። ተወካዩ በመጋቢት ወደ አውራጃው ጉባኤ ይሄዳል፤ ከዚያ የተመረጡት ወደ ክፍለ ግዛቱ፣ ከእነሱም ጥቂቶቹ የፓርቲው እጩ ወደሚሰየምበት ትልቅ ጉባኤ ያልፋሉ። የአውራጃው ጉባኤ የሚውለው ቅዳሜ ነውና ሁሉም ለዕረፍት ቀኑ ስለሳሳ ተወካይነቱ አርቬላ ላይ ተጣለ።

ሐሙስ ዕለት ሴናተሩ ከውድድሩ ወጣ። ዶይል ወዲያው ደወለላት።

«በይ እንግዲህ ደስ ይበልሽ፣ ጨረስሽው!»

«ይገርምሃል» አለች አርቬላ፣ «ይህን የመሰለ ድምፅ ከሃያ ዓመት በላይ በምወዳቸው ሰዎች ላይ ሳባክነው ኖሬያለሁ።»