አንድ ቀን ላንቺ፣ አንድ ቀን ለኔ

ታላቅ እህቴ የኤችአይቪ መድኃኒቷን የምትወስደው ከምትኖርበት ከቢላ አልነበረም። ጤና ጣቢያው ከቤቷ አይርቅም፤ ግን ከተማው ሁሉ የሚያውቃት ሴት በዚያ በር እንዴት ትግባ? ስለዚህ እኔን ልትጠይቅ የመጣች መስላ ነቀምት ትመጣና ኪኒኗን ተቀብላ፣ ለሽፋን ሽንኩርት ገዝታ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ታዲያ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ በነጠላዋ ተሸፋፍና ስትቀመጥ፣ አጠገቧ በሻርፕ የተሸፋፈነች ሴት አለች። ቀስ ብለው ተያዩ። ለካ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ፣ የጴንጤዎቹ ዘማሪ ናት።

«አንቺም ለሽንኩርት ነው የመጣሽው?» አለቻት እህቴ።

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አብረው መመላለስ ጀመሩ።

ኋላ መንገዱ ተዘጋ። በኛ በኩል መንገድ ከተዘጋ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ስልኩም አንዴ ይሠራል አንዴ ይጠፋል። እኔ እዚህ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ልቤ ግን ቢላ ነው። የጎረቤቷ ኪኒን ቀድሞ አለቀ፤ እህቴ ጋ ጥቂት ቀርቷል። «አንድ ቀን ላንቺ፣ አንድ ቀን ለኔ» ተባባሉ። እዚያው ጤና ጣቢያ ቢሄዱ መላ አይጠፋም ነበር። አልሄዱም።

መንገዱ ተከፍቶ መጥተው ደማቸው ሲታይ የሁለቱም ቫይረስ ከፍ ብሏል። እህቴ ብቻዬን አልገባም ስላለች አብሬያት ገባሁ። ነርሷ የነቀምት ልጅ ናት፤ «አካም ጅርቱ፣ ሃዳ ኮ» ብላ እንደ እናቷ ሰላም አለቻትና ረጋ ብላ አስረዳችን። ቫይረሱ ራሱን እየገለበጠ ይበዛል፣ ሲገለብጥም ይሳሳታል። የሰውነት መከላከያ መልኩን አውቆ ሊይዘው ሲደርስ እሱ ሌላ መልክ ይዞ ይቆየዋል። መድኃኒቱ መገልበጡን ያስቆማል፤ ሲጓደል ግን ከነዚያ ስሕተቶች መሀል መድኃኒቱን የሚቋቋም አንድ ከተገኘ፣ የሚራባው እሱ ነው።

እኔ ስፌት ያስተማረኝ የለም፤ ከተሰፋ ቀሚስ ላይ እየለካሁ ሌላ በመቅደድ ነው የለመድኩት። ከመጀመሪያው ሁለተኛውን፣ ከሁለተኛው ሦስተኛውን ስቀድ አንገትጌው ሳላስበው ሌላ ሆኖ ቁጭ ይላል። አብዛኛው ይበላሽብኛል፣ አንዳንዱ ግን ከመጀመሪያውም ይበልጥ ልክ ይመጣል። ይህን ስነግራት ነርሷ ፈገግ አለች። «እንደዚያ ነው፤ እሱ ግን ሲቀድ አያርፍም» አለች።

እንግዲህ ኪኒኑን ሳያጓድሉ ወስደው እንደገና ሊመረመሩ ነው። ከወረደ ያው መድኃኒት ይቀጥላል። ካልወረደ ቫይረሱ ተላምዶት ሊሆን ስለሚችል ይቀየራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምርጫ ደግሞ እየጠበበ ይሄዳል።

እህቴ እኔው ጋ ከረመች። ኪኒኗን ስትውጥ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ታሳየኛለች። «ፖሊስ ሆንሽብኝ» ትለኛለች። እስቃለሁ። ጓዳ ሆና ስታስል ግን መርፌው ከጨርቁ ይወጣብኛል። ይሄኔ እየተገለበጠ ይሆን እላለሁ በልቤ።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ጎረቤቷም ከቢላ መጣች። ቀድማ የተጠራችው እህቴ ናት።

«ወርዷል» አለች ነርሷ።

እኔ ነርሷን አመስግኜ ብድግ አልኩ። እህቴ ግን አልተነሳችም።

«የሷስ?»

«የእሳቸውን ለእሳቸው ነው የምነግረው፣ ሃዳ ኮ።»

ስንወጣ ጎረቤቷ ቀና ብላ እህቴን አየቻት። እህቴ መሳቅም መከፋትም አቅቷት ቦርሳዋን መጎርጎር ጀመረች። ጎረቤቷ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የያዘችው የኪኒን ብልቃጥ ከድሮው ሌላ ነው።

ሁለቱ አብረው ወደ ቢላ ሊመለሱ ነውና ሦስታችንም መናኸሪያ ሄድን። መኪናው ሊነሳ ሲል ጎረቤቷ የእህቴን እጅ ያዘች።

«ያንቺ ወርዷል አይደል? ለምን ትደብቂኛለሽ?»

እህቴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ጌታ ይመስገን» አለች ሴትዮዋ፣ ከልቧ። ቀጥላም ብልቃጡን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች፣ «ይሄኛውን እንኳ ብትለምኚኝም አልሰጥሽም» አለቻት።

እህቴ ልትስቅ ሞከረች። ይሄኛው መድኃኒት ለጎረቤቷ ይሠራላት እንደሆነ የምናውቀው ገና ደሟ እንደገና ሲታይ ነው። እስከዚያ እህቴ ከቢላ በደወለች ቁጥር፣ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ የምጠይቃት ስለ ጎረቤቷ ነው።