ኮምፒዩተሩ ያሰላው ግንድ

ያን ቀን ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ የገባሁት ግንድ ላስረክብ ነበር... በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ወረታ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል።

አናጢ ነኝ። ፊደሉንም ሙያውንም የተማርኩት በራሴ ነው። ትምህርት ቤቱ በወንዙ ላይ በዚያ ግንድ የእግር ድልድይ ሊሠራ ነበር። እናቴ በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው ያን ወንዝ ተሻግራ ነው።

አስተማሪው ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሰሌዳው ላይ ጠርዙ የተበሳሳ ረጅም ወረቀት ሰቅሎ፣ አጠገቡ ድልድዩን በጠመኔ ስሏል።

«ይህን ያሰላው ኮምፒዩተር ነው» ይላል። «አዲስ አበባ ያለ፣ ክፍል የሚያክል ማሽን። ግንዱ ስንት ሰው እንደሚሸከም በደቂቃ ነገረን።»

ከግንዱ ጫፎች ሥር ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች አየሁ።

«መምህር፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ድጋፎች። ድጋፍ አይንቀሳቀስም።»

«የት ነው የማይንቀሳቀሰው?»

«ስሌቱ ውስጥ።»

«የኛ ወንዝ ዳር ዋልካ ነው። በበጋ ድንጋይ፣ በሐምሌ አጥሚት። በጥልቁ ቆፍረን ከሥሩ ድንጋይ እንደርድርበት።»

«ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ከዶማ ጋር አይከራከርም።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። ግንዱን አስረክቤ ወጣሁ፤ ስለዚያ ድልድይ ሁለተኛ ላልናገር ማልኩ። እኔ ከማልኩ ማልኩ ነው... ለእናቴ እንኳ አልተነፈስኩም።

ድልድዩ በሰኔ ተዘረጋ፣ ከሥሩ ድንጋይ ሳይደረደር። የሐምሌ ሥላሴ ዕለት እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ የድልድዩ መሐል ደረሰች። አንደኛው ጫፍ ዋልካው ውስጥ ሰጠመ፣ ግንዱ ተንጋደደ፣ እሷም ወንዙ ውስጥ ወደቀች። ሰዎች ተረባርበው አወጧት። እግሯ ግን ተሰብሯል።

አስተማሪው ሊጠይቃት ቤት ድረስ መጣ። «እግዜር ይማርዎት» ብሏት ወደ እኔ ዞረ።

«ግንዱን አዩት፣ ጋሼ? ስንጥቅ እንኳ የለውም። ስሌቱ ልክ ነበር።»

«ልክ ነው» አልኩት። «የተሰበረው እዚህ መደብ ላይ ያለው እግር ነው።»

አንገቱን ደፋ። «ስለ ዋልካው... ነግረውኝ ነበር» አለ።

እናቴ እሱን አላየችውም። ያየችው እኔን ነው።

«ለእሱ ነግረኸዋል፤ ለእኔስ?»



ክረምቱ ሲወጣ ግንዱን ከጭቃው ጎትቼ ደጄ ላይ አጋደምኩት። ይኸው ስንት ዘመኑ፣ አልተሰበረም። ይህን የምጽፈውም እሱው ላይ ተቀምጬ፣ ተናድጄ ነው... በማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።