ከዋንዛው በታች ያለው ቀፎ

ኮምፒዩተርን ማንም አላስተማረኝም፤ በስተርጅና ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻዬን ገባኝ። ማሽኑ ያስቀመጠውን ሲፈልግ ሣጥኖቹን ሁሉ ከዳር ጀምሮ መክፈት አያስፈልገውም። ከሚፈለገው ነገር ከራሱ ተነሥቶ ቦታውን ያሰላል፣ በቀጥታ ይሄዳል፤ ቦታውን ሌላ ነገር ቀድሞ ይዞት ከሆነ ቀጥሎ ያለውን ያያል። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። እኔ በጣሊያን ጊዜ፣ ከቡሬ ወዲህ ባለው አገራችን፣ በንብ ቀፎ ሠርቼዋለሁ።

ወንድሜ አርበኛ ነበር፤ ጥይቱን የምደብቅለት እኔ። ሌላው ሰው በደበቀበት ላይ ድንጋይ ያቆማል፤ ድንጋዩን ግን ባንዳም ያየዋል። እኔ ምልክት አላኖርኩም። ወፍራሙ የውጅግራ ጥይት በወፍራሙ ዋንዛ፣ ቀጭኑ የምንሽር ጥይት በቀጭኑ ብሳና ላይ ዝቅ ብሎ በተሰቀለ ባዶ ቀፎ ይገባል። ቀፎውን ንብ ከቀደመችበት፣ ከእሱ በታች ባለው ዛፍ። ደንቡን የነገርኩት ለወንድሜና ለሚስቱ ብቻ ነው።

አንድ ረፋድ ወንድሜ ማዶ አፋፍ ላይ ባዶ ውጅግራ ይዞ ተከበበ። ሚስቱ እንስራ አዝላ በወንዙ በኩል ወደ ቀፎዎቹ ስትወጣ፣ ባንዶች በደጄ በኩል መጡ።

«ቀፎው ውስጥ ምን አለ?» አለኝ አለቃቸው።

«ማር ነዋ ጌታው! ምን ሊኖር?»

«አፍህማ ማር ልሷል። ቅደም! ሁሉንም ታወርዳታለህ።»

ከላይኛው ዳር ጀመርን። አንዱን አወረድኩ፤ ባዶ። ሌላውን፤ ባዶ። በቅጠሉ መሐል ነጠላዋን አየሁ። ዋንዛው ሥር ቆማ ጆሮዋን ቀፎው ላይ ለጥፋለች። እሱን ንብ ይዞታል። ደንቡን ረስታ እጇን ብትከትስ? ጩኸቷ እሷንም ወንድሜንም ይገድላቸዋል።

«ምን ታፈጣለህ?» ባንዳው በሰደፍ ጎሰመኝ።

«እባብ እንዳይኖር ብዬ ነው ጌታው።»

«አይ ወንድ!» ሳቁብኝ።

ይሳቁ። ቀና ስል ከዋንዛው ሥር የለችም፤ ከታች ካለው ግራር ዘንድ ናት። እጇን ከተተች፣ ጥይቱን አውጥታ እንስራዋ ውስጥ ጨመረች፣ ውኃ ቀጂ መስላ ወደ ማዶው ቁልቁል ወረደች።

ዋንዛው ጋ ስንደርስ አለቃው ትዕግሥቱ አልቆ ቀፎውን ራሱ በሰደፍ መታው። እኔ በጋቢዬ ተሸፋፍኜ መሬት ላይ ተደፋሁ። እነሱ ጠመንጃቸውን እየጣሉ ወደ ቡሬ መንገድ ሮጡ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ አፋፍ ውጅግራ አጓራ። የወንድሜን አተኳኮስ አውቀዋለሁ።

አመሻሽ ላይ በሕይወት ገባ። ያመሰገነው ሚስቱን ነው። ደግ አደረገ፤ ደንቡ የማን እንደሆነ ግን እኔ ይኸው ጻፍኩት።