የገመዱ ሌላኛው ጫፍ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ አዲሰን በምትባል ከተማ፣ የምንጠርገው የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ደረጃ ላይ አንድ ሐበሻ አለ። በጁላይ፣ አስፋልቱ በሚፋጅበት ሰዓት፣ እሱ ወፍራም የበረዶ ቦት አድርጎ፣ ሄልሜት ደፍቶ፣ ውኃ የሞላ ጀሪካን አዝሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ላቡ የወለወልኩት ላይ ይንጠባጠባል።

አብራኝ የምትሠራው ስርጉት አላስቻላትም።

«ወንድሜ፣ በረዶ ከፈለግህ ፍሪጅ የለህም እንዴ?»

«ለተራራ ትሬይኒንግ እያደረግኩ ነው» አለ ኮራ ብሎ። «አናቱ በበጋም በረዶ ነው። አራት ሆነን በአንድ ገመድ እንታሰራለን፤ አንዱ ቢንሸራተት ሦስቱ ይይዙታል።»

«ሦስቱ እነማን ናቸው?»

«እዚያ ስደርስ ነው የማውቃቸው። ከፍያለሁ።»

«ጉድ እኮ ነው! ሰው ለመፈታት ይከፍላል፤ አንተ ለመታሰር?»

እኔም በልቤ ሳቅሁ። ይኼ ሰው እኮ ሰላም ስንለው ስልኩን የሚያይ ነው።

ትናንት ስርጉት እስክትሄድ ጠብቆ ገመዱን ዘረጋልኝ።

«ጫፉን ትይዝልኛለህ? መውደቅ ልለማመድ።»

እምቢ ለማለት አፍሬ መጥረጊያዬን አስቀመጥኩ። ወገቡ ላይ አስሮ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ሙሉ ክብደቱን ጣለብኝ። ገመዱ መዳፌን ሲልጠኝ፣

«ኦኬ፣ በቃ? ልልቀቅ?» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኗል።

«ትንሽ ቆይ» አለኝ።