ከኡራጓይ የተዋስኩት ወንበር

አገርን አገር አድርጎ የሚያቆመው ደንቡ ነው ወይስ ደንቡን ለማክበር የሚስማሙት ሰዎች? የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ይህን ጥያቄ ለጽሑፍ ሥራ ከነአገሩ ሰጠኝ፤ የደረሰችኝ ኡራጓይ ነበረች። ትምህርት የጀመርኩት ልጆቼን አሳድጌ ነው፤ የክፍሉ ልጆች ከስልካቸው ሁለት ገጽ ሲገለብጡ እኔ ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ወደ ቤተ መጻሕፍት እየተመላለስኩ ሦስት ሳምንት አነበብኩ። ጥሩ ውጤት አገኘሁ። መልሱን ግን ዛሬም አላውቀውም።

ካነበብኩት አንድ ነገር ልቤን ወሰደው። በዚያች ትንሽ የደቡብ አሜሪካ አገር በአንድ ዘመን ብቻውን የሚገዛ ፕሬዚዳንት አልነበረም፤ ዘጠኝ ሰዎች በምክር ቤት ያስተዳድሩ ነበር፤ ሰብሳቢነቱም በየዓመቱ ይዞር ነበር።

የኛ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ግን አንድ ሰብሳቢ ብቻ ነበረው፤ ምድር ወለል ላይ የሚኖሩት የባቡር ጡረተኛ። ውሃ ወደ ፎቅ የሚገፋው ፓምፕ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ስድስት ዓመት ይዘው ኖረዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ግን ቁልፉም አብሯቸው ይሄዳል፣ አራተኛ ፎቅም ይደርቃል። ይውረዱ የሚል ደፋር አልተገኘም።

አንድ እሁድ ስብሰባ ላይ የኡራጓይን ነገር አነሳሁ። በየወሩ አንድ ፎቅ ይምራ፣ ቁልፉም ይዙር አልኩ።

«ፕሬዚዳንትነት በወረፋ?» አለች አራተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ነጋዴ። «የኔን ወር ክረምት ላይ አድርጉልኝ፤ ውሃ ከሰማይ ሲመጣ አልሰደብም።»

ሳቁ ሲበርድ ሰብሳቢያችን ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተማሪዋ፣ አገር ሙሉ ሕዝብ እንዲህ ኖሯል?»

«ኖሯል፣ ጋሼ።»

«አገር ከቻለው እኛን ምን ቸገረን» ብለው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ያልነገርኳቸው ነበር። ኡራጓዮች ዘዴውን አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሞክረው፣ ውሳኔ ይጓተታል ብለው በድምፃቸው ሽረውታል። ዛሬ አገሪቱ በመረጋጋቷና በመልካም አስተዳደሯ ስሟ የሚነሳው ያንን ትታ፣ የወታደር አገዛዝም አይታ ነው። በጽሑፌ ይህን ከነግርጌ ማስታወሻው አስፍሬዋለሁ። ነጠላ ሰረዝ ሲሳሳት የምቆጣ ሴት፣ ስብሰባው ላይ ገጹን ዘለልኩት።

ነገሩ መስመር ያዘ። ውሃው በፈረቃው ይወጣል፤ ነጋዴዋ በወሯ የደረጃውን አምፖል ሁሉ አስቀየረች፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት መምህር ስብሰባ በአርባ ደቂቃ ጨረሱ። ሕፃናቱ እንኳ ኳስ ሲጫወቱ «በረኛው በኡራጓይ ይሁን» ይላሉ። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር የዘለልኩት ገጽ ትዝ ይለኛል። ጋሼ ተታለልኩ ብለው ቁልፉን ለዘለቄታው ቢያስመልሱስ?

ተራው ከኔ ፎቅ ወደ እሳቸው ሲደርስ ቁልፉን ላስረክብ ወረድኩ። ፓምፑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት ሁሉንም ተናገርኩ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

«እልሽ ነበር። ስንት ዓመት ቆየላቸው አልሽ?»

«አሥራ አምስት ገደማ።»

«እኛስ?»

«አራት ወር።»

«ገና ነዋ።» ቁልፉን ተቀበሉኝ። «እሁድ ስብሰባ አለን፤ የዚህ ወር ሰብሳቢ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው አጀንዳ የዘለልሽው ገጽ ነው። ቆመሽ ታነቢልናለሽ፣ ከዚያ እጅ አውጥተን ድምፅ እንሰጥበታለን።»

«ቢሽሩትስ፣ ጋሼ?»

«እነዚያም የሻሩት በድምፅ ነው አላልሽም?» አሉና ፓምፑን አስነሱት።