ዳገትም ቁልቁለትም አንድ ቁጥር

ይህ ነገር ለመጻፍ ይበቃ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ የለ፣ የተሰደደ የለ፤ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቀጥ ያለ መስመር እንዴት እንደገባት ብቻ ነው። ሆኖም ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ሳስታውስ ዝም ማለት ያቅተኛል።

ቡሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በገባሁበት በመጀመሪያው መንፈቅ የሂሳብ ሚድ፣ የአጋማሹን ፈተና፣ ወደቅሁ። መምህራችን በግልጽ ነገሩኝ፤ ፋይናሉን ካላለፍኩ መቀጠል አልችልም፣ ወደ ቤት መመለሴ ነው። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት። እኔ ከተመለስኩ የመንደሩ ሰዎች እሷንም «ተምረሽ ምን ልትሆኚ?» ማለታቸው አይቀርም ነበር።

የጣለኝ ስሎፕ ነው፤ መስመሩ ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚናገረው ቁጥር። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከፍ ካለ ስሎፑ ፖዘቲቭ፣ ዝቅ ካለ ኔጋቲቭ ነው። እኔ ግን ዳገት ላይ ነው ያደግሁት። ስወጣበት ዳገት የሆነው መንገድ ስመለስበት ቁልቁለት ነው። ስለዚህ በፈተናው ከቀኙ ነጥብ ተነሥቼ ወደ ግራ ስቆጥር ከፍታው ስለወረደ ኔጋቲቭ አልኩት፤ ርቀቱን ግን እንዳለ ተውኩት። ወደ ኋላም ቢራመዱት እርምጃ ያው እርምጃ ነው ብዬ።

መምህሩ ወረቀቴን አይተው «ተራራው አንቺ ፊትሽን ባዞርሽ ቁጥር ይገለበጣል እንዴ?» አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። የዶርም ጓደኛዬ፣ የቡሬ ከተማ ልጅ ናት፣ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ ዳገት ነሽ ቁልቁለት?» ትለኝ ጀመር። አብሬያት እስቅ ነበር። ሕጉንም ሸመደድኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልታየኝም።

ለጥምቀት ቤት ሄጄ ስመለስ አባቴ እስከ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሸኙኝ። ቄስ ናቸው። እናቴ በሶ የሞላችበትን ቦርሳዬን ተሸክመው ከፊቴ ቁልቁል ይወርዳሉ።

«ደከመሽ እንዴ?»

«ኧረ አልደከመኝም፣ አባባ። የመናኸሪያው ርቀትም ቀነሰልን።»

ቀነሰልን። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ቆምኩ። ርቀቱን ከመናኸሪያው ጀምሬ ብቆጥረው፣ ወደዚያ ስሄድ ይቀንሳል። ቁልቁል ስወርድ ከፍታውም ይቀንሳል። ሁለቱም!

«አባባ፣ ዘንግዎን ይስጡኝ!»

አቧራው ላይ ቁጢጥ አልኩ። መናኸሪያውን ዜሮ ርቀት ላይ አደረግሁት። ርቀቱ አንድ ሲሆን ከፍታው ሦስት፣ ርቀቱ አራት ሲሆን ከፍታው ዘጠኝ የሆነ መስመር አሰመርኩ። ስወጣ ከፍታው ስድስት፣ ርቀቱ ሦስት ይጨምራል፤ ስድስት ለሦስት ሲካፈል ሁለት። ስመለስ ኔጋቲቭ ስድስት ለኔጋቲቭ ሦስት፤ አሁንም ሁለት! መንገዱ ወዴት እንደምሄድ አይጠይቀኝም። ደግሞ ከአንድ ወደ ዜሮ ብመለስ ከሦስቱ ሁለት ይቀነስና አንድ ይቀራል። ርቀቱ ገና ሳይጀመር መናኸሪያው ራሱ አንድ ከፍታ አለው ማለት ነው። ኢንተርሴፕት የሚሉት ይህንኑ ኖሯል! ርቀቱን በሁለት አባዛና አንድ ጨምር፤ መስመሩ በሙሉ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገባ።

«ምን ነካሽ፣ ልጄ?»

«ሁለቱም ከቀነሱ ምልክቱ አይለወጥም!»

«ገባሽ?»

«ገባኝ!»

«ተመስገን። በይ ተነሺ፤ ሹፌሩ ግን አልገባውምና ጥሎሽ ይሄዳል።»

እየሮጥን ደረስን። ሚኒባሱ ውስጥ ቡሬ እስክገባ ዳገቱን ሁሉ በጣቴ መስኮቱ ላይ ሳሰምር ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ፈተና ነው ወይስ ሕመም?» ብለው ጠየቁኝ። «ፈተና» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በፋይናሉ ሁለት ነጥቦች ተሰጥተው የመስመሩ ቀመር ተጠየቀ። ሆን ብዬ ከቀኙ ነጥብ ጀመርኩ። ከግራውም ደገምኩት፤ ያው ወጣ። 

ውጤት ሲለጠፍ ጓደኛዬ ቀድማኝ ሰው መሀል ገባች። «አልፈሻል! አንቺ፣ አልፈሻል!» ስትል ድምፅዋ ብቻ ይሰማኛል፣ እሷ አትታየኝም። ስሜን በዓይኔ እስካይ አላመንኳትም። ከዚያ ለአባቴ ደወልኩ።

«ትቆያለሽ ማለት ነው?» አሉኝ።

«እቆያለሁ፣ አባባ።»

ዕለቱ የካቲት 21 ቀን ነበር።